ሽንኩርትና በቆሎ በአንድ የውሃ ተራ አይኖሩም፦ የመስኖ ውሃ ለሚያከፋፍሉ ሁሉ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ የመስኖ ውሃ ለምታስተዳድሩ መሥሪያ ቤቶች፣ ለውሃ ተጠቃሚዎች ማህበራት አመራሮች፣ ተራ ለምትጽፉና የውሃ በር ለምትከፍቱ ሁሉ

የምንጽፍላችሁ ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ስለ ውሃ ተራ። በብዙ የመስኖ አውታሮች ተራው የሚወጣው በቀን ቆጠራ ብቻ ነው። ለሁሉም ማሳ አሥራ ሁለት ቀን፣ ለሁሉም እኩል ሰዓት። ሽንኩርት የተከለውም፣ በቆሎ የዘራውም፣ ጥጥ ያለማውም በዚያው ተራ ይከፈትለታል፣ በዚያው ልክ ይዘጋበታል። አሠራሩ ለመጻፍ ይቀላል፣ ጭቅጭቅ ይቀንሳል፣ ፍትሐዊም ይመስላል። የሰብል ሥር ግን የተራ መዝገብ አያነብም። አንዱ ሰብል በአራተኛው ቀን ሲጠማ ሌላው በአሥራ አምስተኛውም ቀን አልጠማውም። ከአንድ ቦይ የሚጠጡ ሁለት ጎረቤታሞች፣ የአንዱ ማሳ ቅጠሉ ጠውልጎ የሌላው ማሳ ረግረግ ሆኖ እናያለን፤ ከዚያ ሁላችንም "ውሃ አነሰ" እንላለን። ከእጥረቱ ግማሽ ያህሉ የምንጩ ሳይሆን የተራው ሊሆን ይችላል። ለምን እንደሆነ በቁጥር እናስረዳ።

ስሌቱ ከአፈር ይጀምራል። አፈር ለተክል እንስራው ነው፤ የእንስራው ቁመት ደግሞ ሥሩ የደረሰበት ጥልቀት ነው። አሸዋማ አፈር በአንድ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ለተክል የሚሆን ከ50 እስከ 110 ሚሊ ሜትር ውሃ ይይዛል፤ ሚሊ ሜትሩ ውሃው በማሳው ገጽ ላይ ቢዘረጋ የሚኖረው ውፍረት ነው። አሸዋ፣ ደለልና ሸክላ የተመጣጠነበት መካከለኛ አፈር ከ130 እስከ 180፣ ሸክላማ አፈር ከ120 እስከ 200 ይይዛል። ሸክላ ብዙ ውሃ ቢያጠራቅምም ከፊሉን አጥብቆ ስለሚይዘው ሥር ሊመጠው አይችልም፤ ከመካከለኛው አፈር ብዙም የማይበልጠው ለዚህ ነው።

ተክሉም እንስራውን አሟጦ አይጠጣም። የተወሰነውን ክፍል ሳይቸገር ይጠጣል፤ ከዚያ በኋላ ቀሪው እየከበደው ስለሚሄድ የቅጠሉን ቀዳዳዎች ይዘጋል፣ እድገቱም ይገታል። ገበሬው ቅጠሉ ሲጠወልግ የሚያየው ይህ ከጀመረ ቀናት ካለፉ በኋላ ነው። ሳይቸገር የሚጠጣው ድርሻ፣ ከሰብሉና ከአፈሩ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ውሃ በሚተንበት አየር፣ ለሽንኩርትና ለቃሪያ 30 በመቶ፣ ለድንችና ለሙዝ 35፣ ለቲማቲም 40፣ ለጥቅል ጎመንና ለቦሎቄ 45፣ ለበቆሎ፣ ለስንዴና ለማሽላ 55፣ ለጥጥና ለሸንኮራ አገዳ 65 በመቶ ነው። የሥራቸውም ጥልቀት እንዲሁ ይራራቃል። የሽንኩርት ሥር ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር፣ የድንች ከ40 እስከ 60፣ የሙዝ ከ50 እስከ 90፣ የቲማቲም ከ70 እስከ 150፣ የበቆሎና የጥጥ ከ1 ሜትር እስከ 1.7 ሜትር፣ የማሽላ እስከ 2 ሜትር ይወርዳል።

እንግዲህ ሁለቱን ጎረቤታሞች እንውሰድ። አፈሩ አንድ ነው፤ በሜትር 150 ሚሊ ሜትር የሚይዝ መካከለኛ አፈር። ሁለቱም ሰብሎች በቀን 5 ሚሊ ሜትር ይጠጣሉ። የሽንኩርቱ ሥር 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን እንስራው 60 ሚሊ ሜትር ይይዛል፤ ሳይቸገር የሚጠጣው 30 በመቶው፣ ማለትም 18 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ሦስት ቀን ተኩል ያቆየዋል። የበቆሎው ሥር 1.2 ሜትር ቢሆን እንስራው 180 ሚሊ ሜትር፣ ያለ ችግር የሚጠጣው 99 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ወደ ሃያ ቀን ይጠጋል። በአሥራ ሁለት ቀን ተራ ሽንኩርቱ ከስምንት ቀን በላይ ተቸግሮ ይቆያል። በተቸገረበት ጊዜ ሊጠጣ የሚገባውን ስላልጠጣ፣ ተራው ደርሶ የአሥራ ሁለት ቀኑ 60 ሚሊ ሜትር በአንዴ ሲለቀቅበት የሥሩ አፈር ሁሉንም መያዝ አይችልም። ትርፉ ከሥሩ በታች ያልፋል፤ ማዳበሪያውን፣ በተለይ ናይትሮጅኑን፣ ይዞት ይወርዳል። ገበሬው ቅጠሉ ቢጫ ሲሆንበት ዩሪያ ይጨምራል፤ የሚቀጥለው ተራ ያንንም ያጥበዋል። የበቆሎው ባለቤት ደግሞ ሳያስፈልገውም ተራውን ይወስዳል፤ ካሳለፈው እስከሚቀጥለው 24 ቀን ሊቆይ ነውና አንፈርድበትም።

በአንድ ሰብል ዕድሜ ውስጥም ያው ነው። በቆሎ በተዘራ በሁለትና በሦስት ሳምንቱ ሥሩ 30 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። በዚያ እድሜው በቀን 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ይጠጣል፤ ሳይቸገር የሚጠጣው 25 ሚሊ ሜትር አሥራ ሁለት ቀን ያደርሰዋል። ስለዚህ የተራው ርቀት ይስማማዋል፤ የማይስማማው መጠኑ ነው። ለአደገ በቆሎ የተሰላ 60 ሚሊ ሜትር ለቡቃያ ሲለቀቅ ከግማሽ በላዩ ለማንም ሳይጠቅም ይሰርጋል።

አሁን ወደ ታወቁት የወቅት ድምር ቁጥሮች እንምጣ፤ በየቢሮው ግድግዳ ላይ ተለጥፈው የሚታዩት እነሱ ናቸው። ከዘር እስከ ምርት ቦሎቄ ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሜትር፣ ሽንኩርት ከ350 እስከ 550፣ ጥቅል ጎመን ከ350 እስከ 500፣ ስንዴና ገብስ ከ450 እስከ 650፣ ማሽላም እንዲሁ፣ ቲማቲም ከ400 እስከ 800፣ በቆሎ ከ500 እስከ 800፣ ድንችና ኦቾሎኒ ከ500 እስከ 700፣ ቃሪያ ከ600 እስከ 900፣ ሱፍ ከ600 እስከ 1,000፣ ጥጥ ከ700 እስከ 1,300፣ ሙዝ ከ1,200 እስከ 2,200፣ ሸንኮራ አገዳ ከ1,500 እስከ 2,500 ይፈልጋሉ። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፤ የሚነበቡበት መንገድ ግን ብዙ ጊዜ ያሳስታል። አንደኛ፣ ይህ ተክሉ የሚጠጣውና ከማሳው የሚተነው ድምር ነው እንጂ ከቦዩ የሚለቀቀው አይደለም። ሁለተኛ፣ ሽንኩርት በድምሩ ከበቆሎ ያነሰ መሆኑን አይቶ "ሽንኩርት ውሃ አይፈልግም" የሚል ሰው አለ። ድምሩ አነስተኛ ነው፣ እውነት ነው፤ ግን በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ የሚጠጣ ሰብል ነው። ድምር ስለ ተራ ምንም አይናገርም።

ከድምሩ ወደ ቦይ ለመድረስ ሦስት ደረጃ ያስፈልጋል። በቆሎ 600 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል እንበል። ከዝናብ የሚገኘው ይቀነሳል፤ የዘነበው ሁሉ ግን አይቆጠርም። በብዙ ቦታ የሚሠራበት ግምት፣ የወሩ ዝናብ ከ75 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ በ0.8 አባዝቶ 25 መቀነስ፣ ከዚያ በታች ከሆነ በ0.6 አባዝቶ 10 መቀነስ ነው። 100 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 55ቱ፣ 40 ቢዘንብ 14ቱ ብቻ ለሰብሉ ይደርሳል። በወቅቱ 200 ሚሊ ሜትር ጠቃሚ ዝናብ ቢገኝ በመስኖ የሚሞላው 400 ይሆናል። ከዚያ ብክነቱ ይታሰባል። በቦይ ወይም በመደብ የሚጠጣ ማሳ ከሚገባለት ውሃ 60 በመቶ ገደማውን ለሥር ያደርሳል፤ በርጭት የሚጠጣ 75፣ በጠብታ የሚጠጣ 90 በመቶ። መካከለኛ ርዝመት ያለው በአሸዋማ አፈር የተቆፈረ ቦይ ከሚገባበት 70 በመቶውን ብቻ ያደርሳል፤ የተለበጠ ቦይ 95። 0.7 በ0.6 ሲባዛ 0.42 ነው። 400 ለ0.42 ሲካፈል 952 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አንድ ሚሊ ሜትር በአንድ ሄክታር ላይ 10 ሜትር ኩብ ስለሆነ፣ ከዋናው በር ለአንድ ሄክታር በቆሎ ወደ 9,500 ሜትር ኩብ መለቀቅ አለበት ማለት ነው። በ600 ሚሊ ሜትር የታቀደ አውታር በቦዩ ግርጌ ያሉትን ለምን እንደማያደርስ ይኸው።

የቀኑን ፍላጎት ለማወቅ የአየሩን ጥማት መለካት ይቀድማል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው መመሪያ መሠረት አየሩ ከለመለመና ውሃ ካልጎደለበት አጭር ሣር የሚወስደው ውሃ እንደ መነሻ ይያዛል፤ ያ ቁጥር በየሰብሉና በየእድሜው በሚለዋወጥ ቁጥር ይባዛል። በቆሎ በመጀመሪያው 0.3፣ ሲያብብ 1.2፣ ሲደርቅ እስከ 0.35 ነው። ሽንኩርት 0.7፣ 1.05፣ 0.75። ድንች 0.5፣ 1.15፣ 0.75። ሸንኮራ አገዳ 0.4፣ 1.25፣ 0.75። የመጀመሪያው ቁጥር ግን መሬቱ በሚረጥብበት ድግግሞሽ ይለዋወጣል፤ ቡቃያን በየሁለት ቀኑ የሚያጠጣ ሰው ከቅጠል ይልቅ ከባዶ አፈር የሚተነውን ይመግባል። የአየር ጣቢያ በሌለበት ስፋቱ 1.2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ የትነት ገንዳ ይበቃል። ጠዋት ጠዋት የቀነሰው ሚሊ ሜትር ይለካና በ0.7 ይባዛል። ገንዳው በባዶ ደረቅ መሬት መሃል ከተቀመጠ ቁጥሩ ከ0.7 ይወርዳል፤ አጠገቡ ሣር ይኑር፣ እንስሳት እንዳይጠጡት በሽቦ መረብ ይሸፈን።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልባችንን የሚነካው ግን የእድገት ደረጃ ጉዳይ ነው፤ ተራ ሲጻፍ ጨርሶ የማይነሳ ነውና። ሰብል ጥማትን በሁሉም እድሜው እኩል አይከፍልም። ፋኦ እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው ስሌት የውሃው ጉድለት በመቶኛ በአንድ ቁጥር ሲባዛ የምርቱን ጉድለት ይሰጣል። ለበቆሎ ቁጥሩ ቅጠል በሚያወጣበት ጊዜ 0.4፣ በአበባ ጊዜ 1.5፣ ፍሬ ሲሞላ 0.5፣ ሲደርቅ 0.2 ነው። 20 በመቶ ውሃ በቅጠሉ ጊዜ ቢጎድልበት ምርቱ 8 በመቶ ይቀንሳል፤ ያው 20 በመቶ በአበባው ጊዜ ቢጎድል 30 በመቶ ይቀንሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በቆሎ ሲጠማ ጸጉሩ ዘግይቶ ይወጣል፤ በላይ ያለው የወንዴ አበባ ብናኝ ግን አይጠብቀውም። ጸጉሩ ብቅ ሲል ብናኙ አልቋል። ያልተዳቀለ የበቆሎ ራስ ከዚያ በኋላ ቢረጥብ ጥርስ አያወጣም። ስለዚህ በቆሎ ጸጉር ከማውጣቱ ሁለት ሳምንት በፊት እስከ ሁለት ሳምንት በኋላ ያለው ተራው ሊዘለል አይገባም፤ ሌላው ተራ ሊሸጋሸግ ይችላል።

ስንዴም ዛላው ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ጀምሮ እስከ አበባው ድረስ እንዲሁ ነው፤ የጠፋው የፍሬ ቁጥር በኋላ በሚሰጥ ውሃ አይመለስም። ፍሬው ሲከብድ ደግሞ ነፋስ በበረታበት ሰዓት ውሃ አይለቀቅበት፤ ለስልሶ ይተኛል። ድንች ኮረት መጀመሪያ ሲቋጥር ቢጠማ የኮረቱ ቁጥር ያንሳል፣ ቆዳውም ለእከክ ይጋለጣል፤ ደርቆ ቆይቶ በአንዴ ሲጥለቀለቅ ይሰነጠቃል፣ ቅርጹ ይጣመማል፣ መሃሉ ባዶ ይሆናል። ቲማቲም ግርጌው ጠቁሮ ሲበሰብስ ብዙ ሰው መድኃኒት ይረጫል። አብዛኛውን ጊዜ በሽታ አይደለም። ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚሄደው በውሃ ተሸክሞ ነው፤ የውሃው ጉዞ ሲቋረጥ ፍሬው ጫፍ ላይ ሳይደርስ ይቀራል። አፈሩ ካልሲየም ሞልቶትም ይህ ይሆናል፤ መፍትሔው የተራው መስተካከል ነው። ሽንኩርት ራሱን በሚያሳድግበት ወቅት አይጠማ፤ ተጠምቶ ቆይቶ በድንገት ሲጠጣ ለሁለት ይከፈላል። ከመነቀሉ ከ15 እስከ 25 ቀን በፊት ደግሞ ውሃው መቆም አለበት፤ አንገቱ ሳይደርቅ የገባ ሽንኩርት በመጋዘን ይበሰብሳል። እዚህ ላይ ወጥ ተራ በሌላ በኩል ይጎዳል፤ "ተራህ ነው" ተብሎ የማይፈልገውን ውሃ የሚወስድ አለ።

ኦቾሎኒ አበባው ከተዳቀለ በኋላ መርፌ የመሰለ ዘንግ ወደ መሬት ይሰዳል፤ የላይኛው አፈር ከደረቀ ሊወጋው አይችልም። ስለዚህ ሥሩ ከታች ውሃ እያለውም ገጹ መርጠብ ያስፈልገዋል። ጥጥ በአበባና ፍሬ በሚይዝበት ጊዜ ውሃ ይፈልጋል፤ ሲበዛበት ግን ቅጠልና ቅርንጫፍ እየሰደደ ፍሬውን ያረግፋል፣ ፍሬው ከመፈንዳቱም ይዘገያል። ሸንኮራ አገዳ ግንዱ በሚረዝምበት ወራት ቢጠማ አንጓዎቹ አጥረው ይቀራሉ፤ ከመቆረጡ በፊት ባሉት ሳምንታት ግን ስኳሩ እንዲጠራቀም ይደርቃል። በሸክላማ አፈር እርጥበቱ ስለሚቆይ ውሃው ቀደም ብሎ ይቋረጣል። ቡና እንቡጥ ከያዘ በኋላ ጥቂት ሳምንታት መድረቅ ይፈልጋል፤ ከዚያ በደንብ ሲጠጣ ወደ 10 ቀን ገደማ ቆይቶ በአንድነት ያብባል። በዚያ የደረቅ ጊዜ "ተራ ደረሰ" ተብሎ ትንሽ ትንሽ ከተጠጣ አበባው ይበታተናል፣ ፍሬውም በተለያየ ጊዜ ስለሚበስል ለቀማው ይደጋገማል። ሙዝ ብቻ የሚዘለል ወር የለውም። ቅጠሉ ሰፊ፣ ሥሩ የገጽ፤ ዓመቱን ሙሉ በአጭር ተራ መያዝ አለበት።

ሩዝ የራሱ ሕግ አለው። ተክሉ ራሱ የሚጠጣው ከ450 እስከ 700 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከስንዴ እጅግ አይርቅም። ልዩነቱን የሚያመጣው ማሳውን ለማጨቅየት የሚፈሰው 200 ሚሊ ሜትር ገደማ እና ቀን ከሌት ወደ ታች የሚሰርገው ነው፤ በከባድ ሸክላ በቀን 4፣ በአሸዋማ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ። በ100 ቀን 400 ወይም 800 ይሆናል፤ በአሸዋማ መሬት ሩዝ የሚፈቅድ ቢሮ የፈቀደው ይህንን ነው። ውሃ ለመቆጠብ ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ ከ10 እስከ 15 የሆነ የተበሳሳ ቱቦ ግማሹ ከአፈር በላይ እንዲቀር ይተከልና በውስጡ ያለው አፈር ይወጣል። በቱቦው ውስጥ ውሃው ከአፈሩ ገጽ 15 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ ማሳው እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይሞላል። ችግኙ ከተተከለ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ይጀመራል፤ ከአበባ አንድ ሳምንት በፊትና አንድ ሳምንት በኋላ ግን ውሃው ከማሳው አይጥፋ።

"እኩል ተራ ካልሆነ ጠብ ይነሳል" እንደምትሉ እናውቃለን፤ ስጋቱ ትክክል ነው። ግን እኩልነቱን ሳይነኩ ተራውን መለወጥ ይቻላል። ሁለቱም ጎረቤታሞች ሩብ ሄክታር አላቸው፤ ከቦዩ የሚደርሳቸው በሰከንድ 10 ሊትር፣ በሰዓት 36 ሜትር ኩብ ነው። በቆሎው በ12 ቀን አንዴ 60 ሚሊ ሜትር ለሥሩ እንዲደርሰው ከማሳው በር 100 ሚሊ ሜትር ይገባለታል፤ 250 ሜትር ኩብ፣ ሰባት ሰዓት ገደማ። ሽንኩርቱ በየ4 ቀኑ 20 ሚሊ ሜትር እንዲደርሰው 33 ሚሊ ሜትር ይገባለታል፤ 83 ሜትር ኩብ፣ ሁለት ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ። 20ው ቀደም ብለን ካሰላነው 18 በጥቂት ይበልጣል፣ ሽንኩርቱ ግን ይህን ይችለዋል። ሦስት ጊዜ ሲሆን ሰባት ሰዓት፣ 250 ሜትር ኩብ። ሁለቱም ያው ውሃ፣ ያው ሰዓት አገኙ፤ የተለየው አከፋፈሉ ብቻ ነው። በደብዳቤያችን ውስጥ አንድ ስሌት ብቻ ተቀድቶ ለጠቅላላ ጉባኤ እንዲነበብ ብንመርጥ ይህኛውን እንመርጣለን።

የሚያስቸግረው በማሳው ውስጥ ባለ ረጅም ቦይ ትንሽ ውሃ ማጠጣት ነው። ጥሩ ቦይ የሚባለው ውሃው ጫፍ የሚደርሰው ከጠቅላላው የማጠጫ ጊዜ በሩብ ገደማው ሲሆን ነው። ውሃው እየገፋ ሲሄድ ከኋላው የሚመጠው አፈር ስለሚበዛ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ሁለተኛው ግማሽ ከመጀመሪያው እጅግ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። በረጅም ቦይ 33 ሚሊ ሜትር ለመስጠት ከተሞከረ አፉ ጠግቦ ጫፉ ደረቅ ይቀራል። ስለዚህ ሽንኩርት፣ ድንችና ቃሪያ የሚለማበት ማሳ ቦዩ አጭር ይሁን፤ መጋቢ ቦይ መሃሉ ላይ ይጨመር። የሚቻል ከሆነ ደግሞ ሥረ አጭር ሰብሎች በአንድ ቅርንጫፍ ቦይ፣ ሥረ ረጅሞቹ በሌላው ቢሰባሰቡ ውሃ አከፋፋዩ በየቀኑ ከጫፍ ጫፍ አይሮጥም፣ በየተራው ባዶ ቦይ በማርጠብ የሚባክነውም ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ ያለ መለኪያ ወሬ ነው። በቦዩ ላይ የሚገጠም የ90 ዲግሪ የቪ ቅርጽ የውሃ መለኪያ ከብረት ሉህ ተቆርጦ ሊሠራ ይችላል። ከቪው የታችኛ ጫፍ በላይ ውሃው 10 ሳንቲ ሜትር ሲሆን በሰከንድ 4.4 ሊትር፣ 15 ሲሆን 12፣ 20 ሲሆን 24.7 ሊትር ያልፋል። ልብ በሉ፦ ከፍታው እጥፍ ሲሆን ውሃው ከአምስት እጥፍ በላይ ሆነ። "ግማሽ ከፍቼለታለሁ" የሚል አከፋፋይ ግማሽ ከፍታ ከሰጠ ከአንድ አምስተኛ ያነሰ ነው የሰጠው። ከፍታው የሚነበበው በመለኪያው አፍ ላይ ሳይሆን የከፍታውን አራት እጥፍ ያህል ወደ ላይ ርቆ ነው፤ አፉ ላይ ውሃው ጎንበስ ስለሚል ያሳንሰዋል። ከታች በኩል ውሃው በነጻ መውደቅ አለበት፤ የታችኛው ቦይ ሞልቶ ቪውን ከነካ ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ያሳያል። ከላይ ደለል ከሞላ ደግሞ ውሃው እየፈጠነ ስለሚገባ ቁጥሩ ከእውነቱ በታች ይሆናል፤ ደለሉ በየጊዜው ይጠረግ።

ጠብታ መስኖ ይህን ችግር በራሱ ይፈታል ብለው የሚያስቡ አሉ። አይፈታም። በየ30 ሳንቲ ሜትሩ በሰዓት 2 ሊትር የሚያንጠባጥብ፣ በመስመሮቹ መካከል አንድ ሜትር ያለው ቱቦ በሰዓት 6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰጣል። በቀን 6 ሚሊ ሜትር ለሚጠጣ ሰብል አንድ ሰዓት ይበቃዋል። በልማድ አራት ሰዓት የተከፈተ ጠብታ ወደ 27 ሚሊ ሜትር ያፈሳል፤ ከላይ መሬቱ ደረቅ ስለሚመስል ማንም አያየውም። መሣሪያ ስታከፋፍሉ የሰዓት ሰንጠረዡን አብራችሁ ስጡ፤ ማጣሪያው በየስንት ቀን እንደሚታጠብና የቱቦው ጫፍ ተከፍቶ እንዴት እንደሚጠረግም ይጻፍበት።

ጨው ሳናነሳ አናልፍም። የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አቅሙ (የጨዋማነቱ መለኪያ) 1 ዴሲ ሲመንስ በሜትር የሆነ ውሃ በአንድ ሊትር 640 ሚሊ ግራም ገደማ ጨው ይይዛል። 600 ሚሊ ሜትር በአንድ ሄክታር ላይ ሲፈስ 38 ኩንታል ጨው ይዞ ይገባል። ተክሉ ውሃውን ይጠጣል፣ ጨውን ይተዋል። ቦሎቄ ምርቱ መቀነስ የሚጀምረው የአፈሩ ጨዋማነት በዚሁ መለኪያ 1.0 ሲያልፍ ነው፤ ሽንኩርት 1.2፣ በቆሎና ድንች 1.7፣ ቲማቲም 2.5፣ ስንዴ 6.0፣ ጥጥ 7.7፣ ገብስ 8.0። በዚሁ ውሃ ጨውን ለማጠብ፣ ከሚሰጠው ውሃ ለበቆሎ 13 በመቶው፣ ለሽንኩርት 20 በመቶው ከሥር በታች ማለፍ አለበት። ይህ ብክነት አይደለም፣ ተሰልቶ የሚሰጥ ነው። በቦይ በሚጠጣ ማሳ ሳይታሰብ የሚሰርገው ብዙውን ጊዜ ይሸፍነዋል፤ ጠብታ ላይ ግን ታስቦ መሰጠት አለበት። የውሃ መውጫ ቦይ ከሌለ የታጠበው ጨው የትም አይሄድም። የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ሁለት ሜትር ሲቀርብ በሸክላማ አፈር ጨውን ይዞ ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ በየአውታሩ ዝቅተኛ ቦታዎች ላይ ሦስት አራት የመመልከቻ ቱቦ ተቀብሮ በየወሩ ይለካ።

የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው። ከሚቀጥለው የመስኖ ወቅት በፊት በአንድ ቅርንጫፍ ቦይ ላይ ጀምሩ። የእያንዳንዱን ማሳ ሰብል፣ የተዘራበትን ቀንና የአፈሩን ዓይነት መዝግቡ። በመጋቢ ቦዮቹ አፍ ላይ የቪ መለኪያ ትከሉ፣ አንድ የትነት ገንዳ አስቀምጡ። ሰብሎቹን በየ4፣ በየ6 እና በየ12 ቀኑ በሚጠጡ ሦስት ክፍሎች መድቡ፤ ሦስቱም 12ን ስለሚያካፍሉ የቀድሞው የተራ መዝገብ ሳይፈርስ ሊያገለግል ይችላል። የእያንዳንዱ ሰብል አበባና ፍሬ መያዣ ሳምንታት በቀይ አመልክቱበት፤ ውሃው ሲጎድል በቅድሚያ የሚቀነሰው በቀይ ካልተጻፈው ነው። ማቆሚያ ቀን ያላቸው እንደ ሽንኩርትና ሸንኮራ አገዳ ያሉት ደግሞ ማቆሚያቸው አብሮ ይጻፍ፤ የሚቀረው ተራ ለማን እንደሚተላለፍ ጉባኤው አስቀድሞ ይወስን። በየሳምንቱም በሥሩ ጥልቀት አጋማሽ ላይ አፈር ተቆፍሮ በእጅ ይጨበጥ። መካከለኛ አፈር ተጨብጦ ቅርጹን ሳይዝ የሚበተን ከሆነ ለዚያ ማሳ የተሰጠው ክፍተት ረዝሟል፤ ከ12 ወደ 6፣ ከ6 ወደ 4 ይውረድ።

ከአክብሮት ጋር፣
በመስኖና በሰብል ውሃ አጠቃቀም ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች